ከራስ በር መውጣት

ጡረታ ወጣሽ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ጡረታማ ደመወዝ ለነበረው ነው። እኔ አንጓች በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ ሳቦካና ግድግዳ ስመርግ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከሥራ ያወጡኝ ሁለት ናቸው፤ ጉልበቴና ብሎኬት። ጉልበቴ አንድ ቀን ጠዋት ከጭቃው ውስጥ አልወጣም አለኝ። ብሎኬቱ ደግሞ ቀስ እያለ መጥቶ ሙያዬን ከነስሙ ቀበረው። ዛሬ በከተማው ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶ ቢወደድበት ሥራውን አቁሞ ዓመት ይጠብቃል እንጂ ጭቃ አይነካም። ጭቃ ቤት የድሃ ነው ይላሉ። ማን አይደለም አለ? ድሃም እኮ ማደሪያ ይፈልጋል።

ልጄ፣ "እማ፣ ይኸን የምታወሪውን ለምን አትጽፊውም?" ትለኛለች። የማታ ትምህርቴ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆነኝ ነው ብዬ ጀመርኩ። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። ሙያውን ስላስተማሩኝ ስለ ጋሽ አየነው፣ ይልቁንም ስለ ገዛ ቤታቸው ነው። እሱን ዘልዬ ሌላውን ባወራ ውሸት ይሆንብኛል።

ማርቆስ የገባሁት ከመርጡለ ማርያም ገጠር ነው፤ ትዳሬ ፈርሶ፣ ልጄን አዝዬ። የቀን ሥራ አገኘሁ። ያን ጊዜ ሴት ሥራ ቦታ ላይ ውሃ ትቀዳለች፣ ድንጋይ ታቀብላለች፣ ጭቃ ትረግጣለች። ግድግዳውን የሚመርገው ወንድ ነው። የሚገርመው ነገር ገጠር እያለን ቤታችንን መርገን፣ በእበት ለቅልቀን የምናሳምረው እኛው ሴቶቹ ነበርን። ሙያው ገንዘብ የሚከፈልበት ሲሆን ጊዜ የወንድ ሆነ።

አንድ ቀን የረገጥኩትን ጭቃ ሊያዩ አንድ ቀጭን ረዥም ሰው መጡ። የቤቱ አናጢ ናቸው፤ ጋሽ አየነው ይባላሉ። ጫማቸውን አወለቁና ጭቃው መሐል ገብተው ቆሙ። በእግር ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

"ማነው ይኸን ያቦካው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።" ደንግጫለሁ።

"ጭዱን ባንዴ ነው የጨመርሽው?"

"ኧረ የለም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። ባንዴ ከሆነበትማ ያኮርፋል።"

ሳቁ። ጭቃ ያኮርፋል ሲባል ሰምተው አያውቁም ነበር። "እህሳ፣ ያላኮረፈውን ጭቃ ያቦካችው ትምረገው እንጂ። ነገ ውሃ እንዳትሸከሚ" ብለውኝ ሄዱ።

ወንዶቹ አጉረመረሙ። አንዱማ ሴት የመረገችው ግድግዳ አይበረክትም ብሎ ሊምል ምንም አልቀረው። ጋሽ አየነው ቀና ሳይሉ፣ "አንተ፣ የእናትህን ቤት ማን መረገው?" አሉት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ሥራ ተለይቼ አላውቅም።

ስለ ጭቃ ትንሽ ልናገር፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለምና። አፈሩ ቀይ ይሁን፤ ጠጠሩ ይለቀም። የጤፍ ጭድ እየጨመሩ፣ ውሃ እያጠጡ፣ በየቀኑ ይረግጡታል። አተላ አተላ መሽተት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መካከል እየተጠቀጠቀ ይገባል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጀማሪ ይኸን ሲያይ ይደነግጣል። መሰንጠቅ አለበት። ሁለተኛው ምርጊት ጥርሱን የሚተክለው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የመጨረሻው ልስን ደግሞ በወንፊት የተነፋ አፈር፣ እበትና አመድ ነው። ጋሽ አየነው ሁለተኛው ምርጊት ከመጀመሩ በፊት በማለዳ መጥተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ ነበር። መዳፋቸውን ከቀዘቀዛቸው ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፤ ያን ቀን ምርጊት የለም። ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ክረምቱ ደረሰ ቢል ሥራ አይጀመርም።

እንጨቱም እንዲሁ ነበር። ባሕር ዛፉን ከቆመበት ራሳቸው ይመርጡታል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን የተቆረጠ እንጨት ይነቅዛል ብለው በነጻ ቢሰጧቸውም አይወስዱትም። የቋሚውን እግር እሳት ላይ ያጠቁሩታል፤ ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ምስጥ ሰነፍን ያውቃል ይሉ ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ቤት የሚነድፉበት መንገድ ነው። ወረቀት ላይ አይደለም። በጣሳ አመድ ይዘው መሬቱ ላይ ክፍሎቹን ያሰምራሉ፤ ከዚያ ባለቤቶቹን እዚያው አመዱ ውስጥ ሲኖሩ ያውሏቸዋል። አንዲት ነርስና ባሏ መጥተው አራት ክፍል አሉ። አቅማቸው ሁለት ነው።

"አልጋሽን የት ታደርጊዋለሽ?" አሏት።

"እዚህ ጋ።"

"በይ ተኚበት።"

ነርሷ እየሳቀች ነጠላዋን አነጠፈችና ሣሩ ላይ ተጋደመች። እግሯ ከአመዱ መስመር ወጣ።

"እግርሽ ጎረቤት አደረ" አሏት። ባሏ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ምድጃው የት እንደሚሆን፣ ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ የት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ምሳ ሰዓት ላይ አራቱ ክፍል ሁለት ሆኖ ነበር። ማንም አልተቆጣም። "ክፍሉን ቀንሱ፣ መሠረቱን አጥልቁ። ቤት ማለት ከመሬት በታች ያለው ነው። ከላይ ያለው ልብስ ነው፤ ልብስ ይቀየራል" ይሉ ነበር። ይኸን ለስንቱ ሰው ሲናገሩ ሰምቻለሁ! እኔም እሳቸው ሲሉ እየሰማሁ ለሌላው እለው ነበር።

የሠሩትን ቤትም ረስተውት አይሄዱም። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ፣ ዶፍ በሚወርድበት ቀን፣ ጃንጥላ ይዘው ሳይጠሩ ይሄዳሉ። ቤቱን ዞረው ውሃው በየት እንደሚሄድ ያያሉ። ግቡ ሲሏቸው አይገቡም። ሚስታቸው እትዬ ጥሩዓለም፣ "ሌላው ሰው ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ይገባል፤ የእኔው ባል ይወጣል" እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ሥራው ወደ ገጠርም ይወስደናል። ዲማ ለአንድ የቅኔ መምህር ቤት ስንሠራ ጭቃውን የረገጡት ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ እየተከራከሩ፣ እየተነቃቀፉ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ። እንደዚያ ያማረ ጭቃ ረግጠው ይሰጡኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። የኔታ መስኮት አልፈልግም ብለው አስቸገሩ።

"መስኮት ምን ይሠራልኛል? ዓለም እንድትገባብኝ ነው?"

ጋሽ አየነው እጅ ነሥተው፣ "ለጭሱ ነው፣ የኔታ። ዓለምስ በበሩም ትገባለች" አሏቸው።

የኔታም፣ "ትንሽ መስኮት አድርግልኝ" አሉ።

ከተማ ውስጥ አንድ ሥራ ተቋራጭ ቀጥሮን ነበር። መደዳ የሚከራዩ ክፍሎች ነው የሚያሠራው፤ ምርጊቱን ሳይደርቅ እንድንደርበው ፈለገ። ጋሽ አየነው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው መጋዝና መላጊያቸውን ሰበሰቡ። እኔም ተከተልኳቸው። የሠራንበት ሒሳብ እዚያው ቀረ። መንገድ ላይ ስማረር፣ "ተይው፣ ሰው ይገባበታል እኮ" ብቻ አሉኝ። ሰው እንደሚገባበት የማይረሳ ሰው ሌላ አላጋጠመኝም።

እንዲህ ያሉ ሰው ግን ራሳቸው ቤት አልነበራቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በኪራይ ነው፤ የሰው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለች ሰርቪስ ቤት። ልጅ አልወለዱም። እትዬ ጥሩዓለም ታማ ሆስፒታል ገባችና በዚያው አረፈች።

አከራይዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ላይ ናት፤ ግቢው ውስጥ የሠርግ ዳስ ተጥሏል። ጋሽ አየነውን አግኝታ እያለቀሰች፣ "እግዜር ያጽናዎት። ግን ሙሽራዬ በምትወጣበት በር ሬሳ አይግባብኝ። እባክዎ" አለቻቸው። ምን ይበሉ? የሰው በር ነው። እትዬ ጥሩዓለም ከሆስፒታል በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ድንኳን የምንተክልበት ቦታ አጣን። የእኔ ቤት አንዲት ክፍል ነች፤ ለቀስተኛው በዕድሩ አግዳሚ ወንበር መንገድ ዳር ተቀመጠ። ባጃጅ በመጣ ቁጥር ሰው እየተነሣ ያሳልፋል። ጋሽ አየነው እዚያ መንገድ ዳር ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እግዜር ያጽናህ የሚላቸውን ሁሉ አሜን ይሉ ነበር። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

በሠልስቱ ማታ ሰው ሲበተን፣ "አንጓች" አሉኝ።

"አቤት፣ ጋሼ።"

"ለስንቱ ሰው በር ገጠምኩ። ጥሩዓለምን የማወጣበት በር አጣሁ።"

የዕድሩን ወንበር ማንሣት ጀመርኩ።

"እኔ ግን ከራሴ በር ነው የምወጣው" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የኖሩት ለዚህች ነገር ነው ብል አልዋሸሁም።

ብዙ ሳይቆይ የቤት ማኅበራቸው ዕጣ ወጣ፤ በከተማው ዳር መሬት ደረሳቸው። ደስ ብሎን አብረን ልናየው ሄድን። ገና ከባጃጁ ስወርድ ልቤ ወረደ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው። ዋልካ ለጤፍ ደግ ነው፤ ለቤት ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቤቱን ያነሣዋል፤ በጋ ይኮማተርና ይለቀዋል። እኛ ዕድሜያችንን የሠራነው በአብዛኛው በቀይ አፈር ላይ ነው። ሌላ መሬት ምረጡ የሚባልበት ደግሞ አይደለም። በተባለው ጊዜ ካልተሠራበት መሬቱ ተመላሽ ነው።

ከማዘጋጃ ቤት ቦታውን ልትለካ የመጣች አንዲት ወጣት ኢንጂነርም አልደበቀቻቸውም። "አባባ፣ ይኸ ጥቁር አፈር እስኪያልቅ ድረስ ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ ካልተሞላበት ቤት አይሸከምም" አለቻቸው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ከእሷም ከእኔም በፊት ያውቁ ነበር።

ገረጋንቲው፣ ያ ጠጠር የበዛበት አፈር፣ በመኪና ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ያላቸው ገንዘብ ደግሞ ከሚስታቸው ጋር በሰው ቤት እየኖሩ ያጠራቀሟት ናት። ስለዚህ እኔ፣ አንዲት ክፍል፣ ግፋ ቢል ሁለት፣ መሠረቱ ግን ጥልቅ የሆነ ቤት ይነድፋሉ ብዬ ጠበቅሁ። በማግሥቱ አመዱን ይዘው መጡ። ማስመር ጀመሩ። አንደኛው ክፍል እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ቦታውን በላው። መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ የዶሮ ቆጥ አክሏል።

"ይኸ ሁሉ ሳሎን ለማን ነው፣ ጋሼ?"

"ለለቅሶ።"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ።

"በሩ እዚህ ላይ ነው፤ ተካፋች፣ ሰፊ" አሉና በሁለት እጃቸው ስፋቱን አሳዩኝ። "ሰው ሳይጋፋ ገብቶ ይቀመጣል። እኔም ሳልጋፋ እወጣለሁ።"

"ጋሼ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ሥሩልኝ ቢልዎ ምን ይሉት ነበር?"

"ክፍሉን ቀንስ፣ መሠረቱን አጥልቅ እለው ነበር።"

"እህሳ?"

"እህሳማ፣ ሌላው ሰው ሚስቱን መንገድ ዳር አላለቀሰም።"

አልተውኳቸውም። "ሳሎኑን በግማሽ እናሳጥረውና ለገረጋንቲው እናድርገው። ለቅሶ እንደሁ ድንኳን ደጅ ይተከላል" አልኳቸው።

"ክረምት ከሆነስ? የሚያለቅስልኝ ሰው ዋልካ ላይ ይቀመጥ?"

"የሞት ቀንን ማን ያውቃል?"

"አላውቅማ። ስለማላውቅ ነው።" የአመዱን ጣሳ አስቀመጡና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሰውን ሁሉ አመዱ ውስጥ ኑሮውን እንዲያይ ያስተማሩ ሰው የራሳቸውን ቤት ሲሠሩ ያዩት መሞቻቸውን ብቻ ነበር። እኔ ተናደድኩ፤ አዘንኩም። ግን የመንገድ ዳሩን ለቅሶ አብሬ አይቻለሁና ከዚያ በላይ ለመጨቅጨቅ አፍ አጣሁ።

ቆፈርን። በግድግዳዎቹ ሥር ብቻ ነው የተቆፈረው። ለገረጋንቲው የተመደበው ገንዘብ ሲያልቅ ከሥሩ ገና ጥቁር አፈር ይታይ ነበር። ጋሽ አየነው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ብዙ አዩ። ከዚያ፣ "ድንጋዩን አቀብሉ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ መሬቱን ከረሳነው፣ ያማረ ነበር። ቀዩን አፈር ከሌላ ቦታ አስጭነን አመጣን። የሠራንላቸው ሰዎች በወንፈል መጥተው ጭቃ ረገጡ፤ ነርሷም ባሏን ይዛ መጥታ ነበር። እኔ እንደዚያ ግድግዳ አድርጌ የመረግሁት የለም፤ ልስኑ ላይ መዳፌን ሳስኬደው ጨርቅ ይመስል ነበር። በሩን ራሳቸው ሠሩት። ወንድማቸው ከገጠር፣ ማድ ቤቱ ቆጥ ላይ ዓመታት ጭስ የጠጣ የዋንዛ ጣውላ ላኩላቸው። ያለ ሚስማር አጋጠሙት፤ ላጉት፤ ዘይት ቀቡት። የገጠሙት ቀን እንደ ልጅ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሲያደርጉት ዋሉ። ቄስ መጥቶ ቤቱን ጠበል ረጨ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምናልባት መሬቱ ይራራ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

መሬት አይራራም። በመጀመሪያው ክረምት ከበሩ መቃን ጥግ ጀምሮ ወደ ላይ ክር የመሰለች ስንጥቅ ወጣች። መረግኋት። በጋ ላይ ሌላ ቦታ ተከፈተች። በሁለተኛው ክረምት እጅ የምታስገባ ሆነች፤ ግድግዳው ወደ መንገዱ ማዘንበል ጀመረ፤ በባሕር ዛፍ ባላ ደገፍነው። በሩ ግን ከሁሉም ባሰ። አፈሩ ሲያብጥ መቃኑን ያጣምመዋል፤ መቃኑ በሩን ነክሶ ይይዘዋል። ጋሽ አየነው መላጊያቸውን አንሥተው የነከሰውን ጠርዝ ላጉ፤ ተከፈተ። በጋ ሲመጣ ውሻ የሚያስገባ ክፍተት ሆነ። ቅጥያ ጣውላ ገጠሙበት። ክረምት ሲመለስ ቅጥያውን አነሡ፤ እንደገና ላጉ። ያ ያማረ ዋንዛ በየዓመቱ እያነሰ ሄደ። ሄጄ ሳገኛቸው ፍቅፋቂው መሐል ተንበርክከው ሲልጉ አያቸዋለሁ፤ እኔም መጥረጊያ አነሣለሁ። በመጨረሻ ሊላግ የሚችል ነገር አልቀረውም። ሰኔ ሲጋመስ ይዘጋል፤ ኅዳር ላይ አፈሩ ሲደርቅ ይከፈታል። ክረምቱን የሚገቡት የሚወጡት እንጨት ለማስገቢያ በሠሯት በጠባቧ የጓሮ በር ነው።

እኔ ጋ ይምጡ ብዬ ለመንኩ። ልጄ ባሕር ዳር ሄዳለች፤ ቤቴንም አስፍቻለሁ፤ ክፍሏ ባዶ ነው።

"አንቺ ቤት ብሞትስ ደግሞ ከማን በር ልወጣ ነው?"

ንዴቴ መጣ። "ሰው የሚኖረው ለመውጫው ነው እንዴ፣ ጋሼ? በዚህ እርጥበት እየታመሙ!"

በቀስታ፣ "መኖሩንማ በሰው ቤት ኖርኩት" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ይምጡ ብያቸው አላውቅም። አጥሚት እየያዝኩ እኔው እሄድ ጀመር።

በመጨረሻው ክረምት ደረታቸው ታመመ። ሐኪሙም ከእርጥበት ይውጡ አላቸው። አልወጡም። አልጋቸውን ሳሎን አወጣንላቸው፤ እዚያ ሆነው የተዘጋውን በር ያያሉ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ አጥሚቱን ሳጠጣቸው እጄን ያዙኝ።

"ኅዳር ላይ ይከፈታል" አሉ።

"ይከፈታል፣ ጋሼ።"

"እስከ ኅዳር ልቆይ እንዴ?"

ፈቃድ የሚጠይቁኝ ይመስል ነበር። "ይቆዩ እንጂ! ምን አለብዎ?" አልኳቸው። ለመቆየትም ታገሉ። መብላት የማይወዱት ሰው የሰጠኋቸውን ሁሉ በልተው ለመጨረስ ይጥሩ ነበር። በየጠዋቱ፣ "ዝናቡ ቀለል አላለም?" ይሉኛል። ቀለል ብሏል እላለሁ። ውጭው ባሕር ነው።

ፍልሰታ ተፈትቶ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት አረፉ። ዶፍ ይወርድ ነበር።

አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ሳሎኑ ሠራ። ዕድርተኛው፣ ዘመዱ፣ ቤት የሠሩለት ሁሉ በጓሮ እየገባ ተቀመጠ፤ አንድም ሰው ዝናብ አልነካውም፤ አንድም ሰው አልተጋፋም። ወንድማቸው ከገጠር በጭቃ ተለውሰው ደርሰው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ይኸን ሳይ አልቅሼ አልወጣልኝ አለ።

ሬሳው የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ጎረምሶች ተነሡና በሩን በትከሻቸው ገፉት። ንቅንቅ አላለም። ደግመው ሲገፉ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ የምርጊት ገል ሴቶቹ ላይ ወደቀ፤ ጩኸት ሆነ። የዕድሩ ዳኛ እጃቸውን አነሡ።

"ተዉት! ሊቀብር የመጣ ሰው አናስቀብርም። በጓሮ ይውጡ።"

ሣጥኑ በጓሮዋ በር በቁሙ ካልሆነ አያልፍም። "በጓሮ አይወጡም" አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

"እህሳ በየት ይውጡ፣ እትዬ አንጓች? በሩ እምቢ አለ እኮ!"

"መጥረቢያና መጋዝ ስጡኝ።"

የትኛው ቋሚ ጣሪያውን እንደተሸከመ፣ የትኛው እንዳልተሸከመ እኔ አውቃለሁ፤ አብሬ አቁሜዋለሁ። ከበሩ ጎን፣ ግድግዳው ባላዘነበለበት በኩል፣ ላዩን በባላ አስደገፍሁና ምርጊቱን መምታት ጀመርኩ። አልፈርስ አለኝ። በሕይወቴ አሳምሬ የመረግሁት ግድግዳ ያ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፤ በመጥረቢያ የሰነጠቅሁትን በእጃቸው እየነቀሉ ጣሉ። ጎረምሶቹ ማገሩን በመጋዝ ቆረጡ፤ አንዲቱን ቋሚ ነቀልን። የቀን ብርሃንና ዝናብ ባንድ ላይ ገቡ።

ጋሽ አየነው በቀዳዳው ወጡ። ሣጥኑ ሳይዘነብል፣ ወደ ፊት ለፊቱ ደጅ፣ ካህናቱ እየቀደሙ። የዋንዛው በር አጠገባቸው ተዘግቶ ቆሟል። ዳኛው ጠጋ ብለው፣ "ይኸው ከቤታቸው ወጡ፤ ይበቃል፣ አይበቃም?" አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ጋሽ አየነው የጠየቁት ከበራቸው መውጣት እንደነበር አውቃለሁ።

ቀዳዳውን በዕድሩ ሸራ ጋረድነው። ቤቱን ልኑርበት ያለ አልነበረም፤ ወንድማቸው ለሰማንያው ተዝካር ሲመጡ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ሊወስዱ ተስማማን።

የሰማንያው ለት ቅዳሴ ቀርቼ ቀደም ብዬ ቤቱን ልጠርግ ሄድኩ። ኅዳር ገብቷል። ሰማዩ ጠርቷል፤ አፈሩ ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። በጓሮ ልዞር ስል ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄድኩና እጄን አሳረፍሁበት።

ተከፈተ።